በግራ በኩል የሚመጣ ትንፋሽ

በሙዚቃ ትምህርት ክፍሉ ረጅም ኮሪደር ላይ ከየበሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ የማን እንደሆነ ለማወቅ በር ማንኳኳት አያስፈልግም። ትሮምቦኑ እንደ ታመመ በሬ የሚያጓራበት ክፍል የትንፋሽ መሣሪያዎች መምህሩ ነው። ያንኑ መስመር እየደጋገመ የሚወቅጠው ፒያኖ የአንደኛ ዓመቶቹ ነው። በኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው፣ መስኮቷ ወደ ብስክሌት ማቆሚያው ከሚያይ ጠባብ ክፍል ግን አስቀድሞ የሚሰማው ዝምታ ነው። ወንበር ይንቋቋል፣ የእግር ማስቀመጫዋ በርጩማ ትስተካከላለች፣ ስድስቱ ክሮች ይቃኛሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። አላፊ አግዳሚው «ተወው እንዴ?» ብሎ ጆሮውን ሲያዘነብል፣ ያን ጊዜ ጊታሩ ይጀምራል።

በዚህ የተነሳ ተማሪዎቹ «መምህር አፍታ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሱም ያውቃል፤ አልከፋውም። ሰው ሲሰይም የባሰም ያወጣል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ፒያኒስት ደግሞ፣ «የአንተን ተማሪ ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ሊጫወት የተቀመጠ አይመስልም፣ ሊጸልይ እንጂ» ትለዋለች። ሌሎቹ መምህራን ያችን አፍታ የአጨዋወት ስልት አድርገው ይቆጥሯታል። እንዲያውም አንድ ሁለቱ ከእሱ ወስደው ለራሳቸው ተማሪዎች ማስተማር ጀምረዋል። እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። በዚያች አፍታ ምን እንደሚያደርግ ለማንም ነግሮ አያውቅምና።

ይጠብቃል። በግራው በኩል፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ሰው በአፍንጫው አየር ይስባል። መጨረሻው ላይ ቀጭን ፉጨት ያለበት፣ አጭር ትንፋሽ ነው። ትንፋሹ ሲያልቅ የመምህሩ ጣት ክሩን ይነካል። የትንፋሹ ባለቤት ታላቅ ወንድሙ ነው። ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ደግሞ፣ ያኔ ሕፃን የነበረች ልጁ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ያለ ጊዜ አልፏል።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ሁለቱ የሰዓት ጠጋኝ ልጆች ነበሩ። የአባታቸው ሱቅ የቤታቸው የፊት ክፍል ነበር፤ አንድ ባንኮኒ፣ አንገቷ የሚጎብጥ መብራት፣ ግድግዳው ሙሉ የሰው ሰዓት። ከጓሮ ክፍል ተከራይቶ የኖረ አንድ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ «እስክመለስ አደራ» ብሎ ጊታሩን ተወ። አባትየው አደራ የማይነካ ሰው ስለነበር ጊታሩ ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሞ ከረመ። ባለቤቱ ቀረ። በመጨረሻ አባትየው አወረደውና፣ «እንግዲህ ከመጣም አቧራ ያልጠጣ ጊታር ቢያገኝ አይጠላም» ብሎ ለልጆቹ ሰጣቸው።

አንድ ጊታር ለሁለት ወንድማማች ምን እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ቤቱ በጭቅጭቅ ሲታመስ አባትየው ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ ሳያነሳ፣ «በሰዓት ሆድ ውስጥ ትልቁም ጥርስ ትንሹም ጥርስ አንድ ላይ ይዞራል። ተራ ሲጠባበቁ አይቼ አላውቅም» አለ። ልጆቹ ይህን ቃል በቃል ወሰዱት። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡና ጊታሩን በሁለቱም ጉልበት ላይ አጋደሙት። በግራ የተቀመጠው ታላቅየው አንገቱን ይዞ ክሮቹን በግራ እጁ ይጫናል፤ ታናሽየው በቀኝ እጁ ይመታል። የአንዱ ግራ እጅና የሌላው ቀኝ እጅ አንድ ሰው ሆኑ።

ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነበር። ታናሽየው ቸኩሎ ከመታ ክሩ ገና ስላልተጫነ የሞተ ድምፅ ይወጣል። ከዘገየ ደግሞ ታላቅየው ወደሚቀጥለው አልፎ ይገኛል። እንዳይነጋገሩ አባታቸው ሥራ ላይ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ወሬ አይወድም። እናም ታላቅየው በአፍንጫው አየር ሳብ ማድረግ ጀመረ። «ዝግጁ ነኝ፣ አሁን በል» ማለቱ ነበር። አፍንጫውን ድሮ ኳስ መትቶት ጠመም ስላለ፣ ትንፋሹ ጫፉ ላይ ያፏጫል። ያችን ፉጨት ታናሽየው ፊደል ሳይቆጥር በፊት ያወቃት እስኪመስለው ድረስ ለመዳት።

አድገው ለየራሳቸው ጊታር ሲኖራቸውም አቀማመጣቸው አልተለወጠም። ታላቅየው በግራ፣ የመጀመሪያ ጊታር፤ ታናሽየው በቀኝ፣ ሁለተኛ ጊታር። አንዱ ይተነፍሳል፣ ሌላው ይከተላል። የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የሆቴል ሳሎን፣ የቤተ መጻሕፍት ምረቃ፣ የጠራቸው ሁሉ ጋ ሄደው ተጫወቱ። የሰፈር ቀልደኞች «ባለቤቱና ጥላው» ይሏቸው ነበር። ታናሽየው ሲነግሩት፣ «ምን አለበት፣ ጥላን ፀሐይ አያቃጥለው» ብሎ ይስቃል። እውነቱን ነበር። ከትንፋሹ በስተጀርባ መኖር ተመችቶታል።

ታላቅየው አንዲት የመድኃኒት ባለሙያ አገባ። ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስትወለድ በጣም ትንሽ ስለነበረች ቅንጣት አሏት፣ በዚያው ቀረ። ቅንጣት ድክ ድክ ማለት ስትጀምር የአባቷ ሳንባ ታመመ። በዚያ ወቅት ወንድማማቾቹ፣ ታላቅየው ራሱ የጻፈውን አጭር የሁለት ጊታር ሥራ እየተለማመዱ ነበር። ሰው ፊት ሳይጫወቱት ሆስፒታል ገባ።

የመጨረሻው ከሰዓት በኋላ ታናሽየው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ወትሮው ወንድሙን በግራው አድርጎ። ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ ከመስኮቱ ውጭ አንድ ሰው ባልዲ ሲያንኳኳ ይሰማል። በሽተኛው ዓይኑን ሳይከፍት በአፍንጫው አየር ሳበ። አጭር፣ የተዘጋጀ፣ ጫፉ ላይ የሚያፏጭ ትንፋሽ፤ ልክ መድረክ ላይ እንደሚስበው። የታናሽየው ጣቶች ሳያዛቸው በአንሶላው ላይ ተንቀሳቀሱ። ዜማው ግን አልተከተለም። ነርሷ መጥታ ትከሻውን እስክትነካው ድረስ የሚቀጥለውን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጊታሩን አልነካም። የጊታሩ ሣጥን በር ጀርባ ቆሞ ኮቱን ይሰቅልበት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ለምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም፣ ኮቱን አነሳና ሣጥኑን ከፈተ። ክሮቹን ቃኘ። ተቀመጠ። ብቻውን እንዴት እንደሚጀመር ስለማያውቅ እጁን ክሩ ላይ አድርጎ ዝም አለ። በግራው በኩል ትንፋሹ መጣ።

አልፈራም። ጣቱ ተነሳ፣ መታ፣ ዜማው ወጣ። ያለቀሰው ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ኑሮው ሁሉ የተሠራው ከዚያ ጠዋት ወዲህ ነው። ብቻውን መድረክ ላይ ወጣ፤ ሰው ወደደው፤ ዩኒቨርሲቲው ጠርቶ መምህር አደረገው። ጥፍሮቹን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እየሞረደ፣ ወጣቶችን እጃቸውን ይዞ እያስተማረ አረጀ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እሱም እንደዚያ አድርጎ ተቀበለው። በጸሎቱ ላይ አንዳንዴ፣ «ጌታዬ፣ ከአንተ ከሆነ ተመስገን። የጆሮዬ ስሕተት ከሆነም እባክህ አታርመው» ይል ነበር። ተማሪዎቹን ደግሞ ሁልጊዜ፣ «አትቸኩሉ፣ እስኪመጣ ጠብቁ» ይላቸዋል።

ቅንጣት ስታድግ ጊታር አነሳች፤ ዩኒቨርሲቲ ስትደርስም እሱ ክፍል ገባች። ከበሩ ወዲያ «አጎቴ» ብላ አንተ ትለዋለች፣ ከበሩ ወዲህ «መምህር» ብላ እርስዎ። ደፍ ላይ ቆማ «አጎቴ፣ ቁርስ በልተሃል?» ብላ ጠይቃው፣ እግሯን አስገብታ «መምህር፣ በርጩማውን ላቀርብልዎ?» ስትለው ለሁለት ሰው ያወራች ይመስላል።

የመመረቂያ ፈተናዋ ሲቃረብ አንድ ቀን ጥፍሩን እየሞረደ ሳለ ገባችና የአባቷን የሁለት ጊታር ሥራ የኖታ ማስቀመጫው ላይ ዘረጋች። እያንዳንዱ ተመራቂ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ሥራ መጫወት ግዴታው ነው።

«እኔ የመጀመሪያውን፣ እርስዎ ሁለተኛውን» አለችው።

የብርጭቆ ወረቀቱ ቆመ። «የክፍልሽን ልጅ፣ ወፍራሙን ጠይቂው። ሁለተኛ ጊታር ጥሩ ይጫወታል።»

«ወፍራሙ ጥሩ ልጅ ነው። ግን አባቴን አያውቀውም።»

«አንቺስ መቼ ታውቂውና።» ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የመረረው።

ቅንጣት ወረቀቱን አላነሳችም። «እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለችና ወጣች።

ለእሷ ያልነገራት፣ ለራሱ ግን የማይሸሽገው ምክንያት ነበረው። የመጀመሪያ ጊታር ተጫዋች በግራው ትቀመጣለች። ትንፋሽ የምትሰጠውም እሷ ናት። በወንድሙ ቦታ የሕያው ሰው ትንፋሽ ከገባ፣ ያኛው ወዴት ይሄዳል? ቦታው አንድ ነው። አንዴ ከተነሳ ይመለስ እንደሆነስ ማን ያውቃል? ያ ትንፋሽ ከሌለ ደግሞ እሱ መጀመር አያውቅም። መጀመር የማያውቅ ጊታሪስት ምን ይባላል?

በማግስቱ ዋርሳው፣ የቅንጣት እናት፣ መድኃኒት ቤቷ አስጠራችው። ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ጠርሙስ ላይ ጽሑፍ እየለጠፈች ነበር።

«ልጄን ምን ብለሃት ነው ትራሷን አቅፋ ያደረችው?»

«እምቢ አልኳት።»

«እሱንማ ነገረችኝ። ለምን ብለህ ነው?»

ሊዋሻት አስቦ ነበር፤ ሥራ በዝቶብኛል ሊል። ግን ይህች ሴት የሰውን ሳል ሰምታ የትኛው ሽሮፕ እንደሚያስፈልገው የምታውቅ ናት። ነገራት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኑን ባንኮኒው መስታወት ላይ ተክሎ፣ ትንፋሹን ከነፉጨቱ ነገራት። መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ ገብተው ለጉልበታቸው ቅባት ጠየቁ። እሷም ሰጠቻቸው፤ «አይጠጣም፣ የሚቀባ ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው «አምና ጠጥቼው ምንም አላለኝም» ብለው ወጡ። ሁለቱም አልሳቁም።

«ሁልጊዜ ትሰማዋለህ?» አለችው።

«ሁልጊዜ።»

ጽሑፉን ጠርሙሱ ላይ በአውራ ጣቷ ደህና አድርጋ ጫነችው። «እኔ ድምፁን ረስቼዋለሁ። መልኩን ፎቶው ይነግረኛል። ልብሱን አውቀዋለሁ፣ አጥፌው አለ። ድምፁ ግን ከጆሮዬ ወጣ፤ መቼ እንደወጣ እንኳ አላወቅኩም። ልጄ ደግሞ ጭራሽ አልሰማችውም። አንተ ግን ጓዳህ ውስጥ ቆልፈህበት ኖረሃል።»

«አልቆለፍኩትም። በራሱ ነው የሚመጣው።»

«በራሱ የሚመጣ ከሆነ፣ አንዲት ልጅ አጠገብህ ብትቀመጥ ምን ያስሸሸዋል? የገዛ ልጁ እኮ ናት።»

ሲወጣ፣ «ለጣቶችህ ቅባት ልስጥህ?» አለችው። «የሚጠጣ ካለሽ» አላት። ያን ጊዜ ፈገግ አለች።

እሺ ካላት በኋላ፣ በመጀመሪያው ልምምድ ዕለት ቅንጣት በግራው ተቀመጠች። ቃኙ። እጃቸውን ክሩ ላይ አደረጉ። ዝም አሉ።

ዝምታው ረዘመ። ከወዲያኛው ክፍል ትሮምቦኑ የድምፅ መሰላሉን ወጥቶ ወረደ። አንድ ሰው ብስክሌቱን ቆልፎ ሄደ። እሱ ይጠብቃል፤ በግራው በኩል ምንም አይመጣም፤ የወንድሙም አይመጣ፣ የልጅቷም አይመጣ። ዘወር ቢል እሷም ዓይኗን ወደ ግራ አዘንብላ፣ አንገቷን ቀልሳ፣ ልክ እንደሱ ትጠብቃለች።

«መምህር» አለች ቀስ ብላ፣ «ማንን ነው የምንጠብቀው?»

«አንቺን ነዋ። የመጀመሪያው ጊታር እኮ አንቺ ነሽ።»

«እስኪመጣ ጠብቁ ብለው ነው ያስተማሩን። ምን እስኪመጣ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገሩንም። አንዳንዶቹ በልባቸው ይቆጥራሉ። ወፍራሙ ምሳውን እያሰበ ነው የሚቆየው። እኔ ዝም ብዬ ወደ ግራ አያለሁ፤ እርስዎ ስለሚያዩ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የራሱን አፍታ ሲሰማ ኖሮ፣ በተማሪዎቹ ላይ የዘራውን ግን አልሰማም ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል ያለፉት ልጆች ሁሉ፣ ዛሬ በየአዳራሹ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ ጊታራቸውን አቅፈው የማያውቁትን ሰው ትንፋሽ ይጠብቃሉ። የተማሪዎቻቸው ተማሪዎችም ይጠብቃሉ። የአንድ ሟች ዘመድ ሳይሆኑ ሁሉንም ለሐዘኑ አስቀምጧቸዋል።

ትንፋሽ እንዴት እንደሚሰጥ ሊያስተምራት ፈለገ፤ አልቻለም። በዕድሜው ሙሉ ሁለተኛ ጊታር ነበረ። ተከትሎ እንጂ ሰጥቶ አያውቅም። ብዙ አሰበና ጊታሩን ወደ ሣጥኑ መለሰው።

«ያንቺን በሁለታችንም ጉልበት ላይ አድርጊው» አላት። «አንገቱን ያዢ። አንቺ ትጫኛለሽ፣ እኔ እመታለሁ። እንዳታወሪ፣ በጭንቅላትሽም ምልክት እንዳትሰጪኝ። እኔም አላይሽም።»

ቅንጣት ሳቀች። ሞከሩ። የሞተ ድምፅ ወጣ። ደግመው ሞከሩ፤ ዘገየ። ጉልበታቸው ተጋጨ፣ ጊታሩ ሊወድቅ ደረሰ። «አጎቴ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብትገባ ምን እንላታለን?» አለችው፤ በክፍል ውስጥ መሆኗን ረስታ። ደክሟት፣ በመጨረሻ፣ ሳታስበው በአፍንጫዋ አየር ሳበች። ጣቱ ተነሳ። ድምፁ ንጹሕ ወጣ።

የእሷ ትንፋሽ አያፏጭም። ለስላሳ ነው፣ ትንሽም ፈራ ተባ ይላል። እንደ አባቷ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እንደ አባቷ ባለመሆኑ ደግሞ ከፋው። በልምምዱ ቀናት ሁሉ ያኛው ትንፋሽ እሷ ባለችበት አልመጣም። ብቻውን ሲሆን ግን ይመጣል፤ ደከም ያለ መሰለው፣ ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ። ፈተናው በቀረበ ቁጥር ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየመጣ ይቀመጥና ያዳምጥ ነበር፤ ሊሰናበት የመጣን እንግዳ ደጋግሞ «ትንሽ ቆይ» እንደሚል ሰው።

የፈተናው ዕለት ሦስት ፈታኞች ከፊት ተቀመጡ፤ ኃላፊዋ መሃል ላይ። ዋርሳው የመድኃኒት ቤት ጋውኗን ደርባ ከኋላ መጨረሻ ረድፍ ላይ ናት። ቅንጣት የብቻ ሥራዎቿን ተጫወተች፤ ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ሁለተኛ ወንበር በቀኟ በኩል ቀረበ፤ እሱ ወጥቶ ተቀመጠ።

እጁን ክሩ ላይ አደረገ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ፣ በግራው በኩል፣ ትንፋሹ መጣ።

የወንድሙ ነው። አጭር፣ የተዘጋጀ፣ ጫፉ ላይ የሚያፏጭ። እንደዚያ ዓይነት ቅርብ ሆኖ የተሰማው ከሆስፒታሉ ወዲህ አልነበረም። ጣቱ ተነሳ። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህን ትንፋሽ ሰምቶ ያልመታበት ቀን የለም። አሁን ከመታ ግን ቅንጣት ገና ናት፤ የእሱ ኖታ ብቻውን ቀድሞ ይወጣል፣ የአባቷ ሥራ ሰው ፊት በወጣበት በመጀመሪያው ቀን ይሰበራል፣ እሷም በአጎቷ ስሕተት ትወድቃለች። በአየር ላይ የተንጠለጠለውን ጣቱን ያዘው። «ወንድሜ፣ አንዴ ጠብቀኝ» አለ በልቡ።

ፉጨቱ አለቀ። እንደ ሆስፒታሉ ጊዜ፣ ከእሱ ቀጥሎ ባዶ ነገር መጣ። ያንን ባዶ ነገር በደንብ ያውቀዋል፤ ኖሮበታል።

ከዚያ ልጅቷ በአፍንጫዋ አየር ሳበች። ለስላሳ፣ ያለ ፉጨት። መታ። ሁለቱ ጊታሮች አንድ ላይ ወጡ፤ በአንሶላው ላይ የቀረው ዜማ ተከተለ።

እንዴት እንደጨረሱ አላስታወሰም። ኃላፊዋ ተነስታ፣ «ዛሬ አፍታህን አሳጠርካት» አለችው። ፈታኞቹ ቅንጣትን ወደ ጎን ጠርተው እጇን ጨበጡ፤ ውጤቷን ፊታቸው ላይ አነበበ። ዋርሳው በመተላለፊያው መጥታ አጠገቡ ቆመች። ጋውኗን መልሳ መላልሳ ትቆልፋለች።

«ልትጀምሩ ስትሉ የሆነ ነገር አፏጨ» አለችው። «በሩ ነው?»

«በሩ ሊሆን ይችላል።»

«በሩ አይደለም» አለች። ልጇ እስክትመጣ ድረስ እንደዚያው ቆማ፣ ሰው በሌለበት መድረክ ላይ ወዳሉት ሁለት ወንበሮች ታይ ነበር። ፊቷ፣ የጠፋ ዕቃ ኪሷ ውስጥ ያገኘች ሰው ይመስል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቧን ክፍል ከፍቶ ገባ። በርጩማዋን አስተካከለ፣ ክሮቹን ቃኘ፣ እጁን አደረገ። ጠበቀ። ብስክሌቶች መጡ፣ ተቆለፉ። ትሮምቦኑ ጀመረ። በግራው በኩል አየሩ አየር ብቻ ነበር።

ብዙ ቆየ። ማዘኑን አዘነ፤ ግን ተትቶ የቀረ ሰው ሐዘን አልነበረም። የልጅነቱን ሱቅ፣ በአባቱ ማጉያ መነጽር ሥር አንድ ላይ የሚዞሩትን ጥርሶች አሰበ። «ተመስገን» አለ በመጨረሻ፤ የሰው ድምፅ ያህል ከፍ አድርጎ።

በሩ ተንኳኳ። አዲስ የገባ ተማሪ ነበር፤ ጊታሩን አቅፎ፣ ፈራ ተባ እያለ። ተቀመጠ፣ ቃኘ። የመምህር አፍታን ወሬ ከሌሎቹ ሰምቶ ኖሮ እጁን ክሩ ላይ አድርጎ ይጠብቅ ጀመር፤ አንገቱንም ወደ ግራ ቀለስ አድርጓል።

መምህሩ ወንበሩን ስቦ ከልጁ በስተግራ ተቀመጠ። «የምትጠብቀው ሰው የለም፣ ልጄ» አለው። «እኔ አብሬህ ትንፋሽ እስባለሁ፤ ስንጨርስ ትመታለህ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሰጥቶት የማያውቀውን ትንፋሽ፣ በአፍንጫው፣ ሳበ።